አሥራ አራት እፍኝ ሩዝ

ዚርሊያኒ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ በዚሁ በመንደራችን በትላንግፓር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ላይ ያለው የቀርከሃ ቤት ነበር። ስሟ ስለሚረዝም ሁላችንም ዚሪ እንላት ነበር። አባቷ ዳርኩማ ኮረብታው ላይ ሩዝ ያመርታል። ታናሽ እህቷ ፓርቴ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ዙዋሊ ትባላለች። ይህ ታሪክ የሆነው እናቷ ቤት ባልነበረችበት ጊዜ ነው።

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ትንሽ እፈራለሁ። ያልሆነውን እንዳልጨምር፣ የሆነውንም እንዳላስቀር እፈራለሁ። ስለ እውነት በሚነገር ታሪክ ውስጥ ውሸት ከገባ ምን ይረባል? ስለዚህ የማላስታውሰው ቦታ ላይ ስደርስ «ይህን አላስታውስም» እላችኋለሁ።

እፍኙን እናንተም ታውቁታላችሁ። እናቶቻችሁ ሩዙን ሰፍረው ድስት ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት አንድ እፍኝ አንሥተው በጣሳ ያስቀምጣሉ። ያ እፍኝ የእግዚአብሔር ነው። ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ማታ አንድ እፍኝ ይወጣል። በሳምንት አሥራ አራት ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢዋ ቅርጫት ይዛ ከቤት ወደ ቤት ትሄዳለች። የተሰበሰበው ሩዝ ወንጌል ለሚያስተምሩትና ለችግረኞች ይሆናል። በመንደራችን ምንም የሌለው ቤት እንኳ ይህን እፍኝ አያጣም።

የዚሪ እናት በዝናቡ ወራት ታመመች። መጀመሪያ ሳል ነበር። ቆይቶ ደም መትፋት ጀመረች። ሐኪም ቤቱ የሦስት ቀን መንገድ ነው። እንደ ልማዳችን የመንደሩ ጎረምሶች በወንበር አስቀምጠው እየተቀባበሉ ሊሸከሟት በማለዳ መጡ።

እናቷ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዚሪን ጠራቻት።

«ዚሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድስቱ ያንቺ ነው» አለቻት።

«እሺ እማዬ።»

«ሩዙን አታሳርሪው።»

«እሺ።»

«ፓርቴን በቀዝቃዛ ውሃ አታጥቢያት። ስትጮህ መንደሩ ይሰበሰባል።»

«እሺ እማዬ።»

«እፍኙንም አትርሺ። እፍኙን በእጅሽ ስትይዢ ስሜን ለእግዚአብሔር ንገሪው። እኔም እዚያ ሆኜ ፀሐይ ስትገባ ‹አሁን ዚሪ እፍኟን ይዛለች› እላለሁ። በዚያን ሰዓት አብረን ነን ማለት ነው።»

ዚሪ አንገቷን ነቀነቀች።

ከጎረምሶቹ አንዱ፣ «ዙዋሊ፣ እንዲህ ስትመክሪ ከዋልሽ እኮ ወንዙ ጋ ሳንደርስ ይመሽብናል! ወይስ ድስቱንም ይዘነው እንሂድ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እናቷም ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነባት። ከዚያ ወንበሩን አነሡት።

«ለመከር እመለሳለሁ!» አለች፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ።

ዚሪ ጉም እስኪሸፍናቸው ድረስ ቆማ አየች። ጉሙ ከሸፈናቸው በኋላም ቆማ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ዚሪ ቃሏን ጠበቀች። በማለዳ ተነሥታ ሩዙን በሙቀጫ ትወቅጣለች፤ በሰፌድ ታነፍሳለች። ከዚያ ከምድጃው አጠገብ ተንበርክካ እፍኙን በትንሽ እጇ ትይዛለች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እናቴን ዙዋሊን አስባት» ትላለች። ማታም እንዲሁ ታደርጋለች። ፓርቴ ከጎኗ ሆና ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ «አሜን!» ትላለች። አባታቸው ከእርሻ ሲመለስ ከታች ከመንገዱ ይሰማትና «የልጄ አሜን ዝንጀሮዎቹን ከሩዜ አባረረልኝ» ይላት ነበር።

መከሩ ደረሰ። ሩዙ ታጨደ። ተወቃ። ጎተራ ገባ። እናቷ ግን አልመጣችም።

ፓርቴ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትሮጣለች። «እማዬ ናት?» ትላለች። የጎረቤት ሰው ይሆናል። ወይም የጎረቤት አሳማ ይሆናል። ተመልሳ ትመጣና፣ «ዚሪ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች።

«ነገ» ትላታለች ዚሪ። በየቀኑ «ነገ» ትላት ነበር።

አንድ ማታ ዚሪ እፍኙን አነሣች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ እናቴን...» ብላ አቆመች። ያን ስም ስትጠራ እናቷ ከኋላዋ የቆመች ይመስላት ነበር። የእናቷ ልብስ የጭስና የዝንጅብል ሽታ አለው፤ እርሱ ሁሉ ይሸታታል። ዞር ስትል ግን የለችም። ስሙን ባትጠራ ያ ሕመም አይመጣም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሩዙን ሰፈረች። እፍኙን ሳታነሣ ቶሎ ብላ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ያን ቀን አላለቀሰችም።

በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ አደረገች።

ልጆች፣ ልብ በሉ። ዚሪ ሰነፍ አልነበረችም። ስስታምም አልነበረችም። ሆድ ስለ ባሳት ነው የተወችው። ስሙን መጥራት የሚያማችሁ ሰው አላችሁ? እኔ አለኝ። ስለዚህ እዚህ ላይ አልፈርድባትም። የከፋው ስሕተት የመጣው ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደምታውቁት፣ የእሑዱም ሩዝ አብሮ ስለሚወቀጥ ሰፌዱ ሙሉ ይሆናል። ዚሪ ጣሳውን አየችው። ከሥሩ ሦስት እፍኝ ብቻ ነበረበት። ሰብሳቢዋ ከሰዓት ትመጣለች። ባዶ ጣሳ ስታይ ምን ትላለች? ለአባቷ ብትነግርስ? ዚሪ ሦስቱን እፍኝ ወደ ሰፌዱ መለሰቻቸው። ከዚያ ከሰፌዱ በሳህን ዛቀችና ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችው። በእጇም ደልደል አደረገችው።

«ሩዝ ያው ሩዝ ነው» አለች ለራሷ። «እንዲያውም በዝቷል።»

እህቷ ዓይኗን እያሸች መጣች። «ዛሬ ለእማዬ ጸለይሽላት?»

«አዎ።»

«እኔ አሜን ሳልል?»

«ተኝተሽ ነበር። እኔ ባንቺ ፈንታ ብያለሁ።»

አያችሁ? አንዱ ውሸት ወዲያው ሌላውን ጠራው።

ከዚያ በኋላ ዚሪ በየቅዳሜው እንዲህ አደረገች። በሳምንቱ ቀናት እፍኝ አታነሣም፤ ስሙንም አትጠራም። ቅዳሜ ጣሳውን በአንድ ጊዜ ትሞላለች። የሴቶች ማኅበር መሪዋ በቤተ ክርስቲያን፣ «እናቷ ታማ ሳለ ጣሳዋን አፍ እስከ ገደፉ የምትሞላ ልጅ አለችን» ብለው ተናገሩ። እኔም በዚያን ጊዜ የልጆቹ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ዚሪን ከፊት አቁሜ፣ «እንደ እርሷ ሁኑ» አልኩ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያመሰገንኳት እኔ ነኝ።

ኪሚ የምትባል ምላሰኛ የክፍል ጓደኛ ነበረቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዚሪን ባየች ቁጥር፣ «መንገድ ልቀቁ! ቅድስት ዚሪ መጣች! እግሯን ጭቃ እንዳይነካው!» ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ዚሪም ትስቃለች። ስትስቅ ግን ዓይኗ ወደ መሬት ነው።

አንድ ቀን ጨው ለማምጣት ወደ ከተማ የሚመላለሰው ጎረቤታችን ቱዋማ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ከእናቷ ነበር። አባቷ በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አነበበላቸው።

«ልጄ ዚሪ፣ አልጋዬ መስኮት አጠገብ ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል ነርሷ መስኮቱን ልትዘጋ ትመጣለች። ‹ትንሽ ቆዪ› እላታለሁ። ‹ምን ትጠብቂያለሽ?› ትለኛለች። ‹ልጄ አሁን እፍኟን ይዛ ስሜን እየጠራች ነው› እላታለሁ። አሁን ለምዳዋለች። በሩ ላይ ቆማ ‹ልጅሽ ጨረሰች ወይ?› ብላ ትጠይቀኛለች። በቀን ውስጥ ብቻዬን የማልሆነው በዚያች ሰዓት ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ አታስቡ። በቅርቡ እመጣለሁ።»

አባቷ ደብዳቤውን አጠፈው። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና፣ «ይህ ጭስ!» አለ። ጭስ ግን አልነበረም።

«መልስ ጻፊላት ዚሪ» አላት። «ቱዋማ ሰኞ ጠዋት ይወርዳል።»

ዚሪ ወረቀት ወሰደች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እማዬ፣ አንድም ቀን አላጎደልኩም። ጠዋትም ማታም ስምሽን እጠራለሁ። እኛ ደህና ነን። ናፍቀሽናል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። እውነቱ የመጨረሻው ብቻ ነበር። አባቷ አነበበውና ራሷን ዳሰሳት። «ጎበዝ ልጄ» አለ። ደብዳቤውን በኮቱ ኪስ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩዝ ሰብሳቢዋ መጡ። በአክብሮት «ፒ» የምንላቸው ፒ ዴንጊ ነበሩ። እናንተ አልደረሳችሁባቸውም። ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ አንደበታቸው ግልጽ። ሠላሳ ዓመት የዚህን መንደር እፍኝ ሰብስበዋል። ትንሽ ፒፓም ያጨሱ ነበር። ይህን ስለ እውነት ብዬ ነው የተናገርኩት፤ እናንተ ግን ከእርሳቸው የምትማሩት ሌላውን ነው።

ጣሳውን ተቀብለው ቅርጫታቸው ውስጥ ሊገለብጡት ሲሉ ቆም አሉ። ጣታቸውን ሩዙ ውስጥ ከተቱ። ከላይ ቆንጠር አደረጉ፤ ከሥሩም ቆንጠር አደረጉ። በመዳፋቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ወደ ብርሃን ወጡ።

«ዚሪ፣ ነይ እስቲ።»

«አቤት ፒ ዴንጊ።»

«እዪው። ምን ታያለሽ?»

«ሩዝ።»

«ሩዝ መሆኑን እኔም አላጣሁትም፤ ገና አልታወርኩም። የሌላውን ሰው ጣሳ ደግሞ እዪ።» ከቅርጫታቸው ከላይ፣ ከቀድሞው ቤት የተቀበሉትን ዘግነው አሳዩአት። «የሰኞው በደንብ ተወቅጧል፤ ነጭ ነው። ይሄኛው ገለባ አለበት፤ ሴትዮዋ የዚያን ቀን ተቻኩላለች። ይሄ ቀይ ሩዝ ነው፤ ከላይኛው እርሻ የመጣ። ይሄኛው የተሰባበረ ነው፤ ልጅዋ ወቅጣዋለች መሰለኝ። አሥራ አራት እፍኝ አሥራ አራት ዓይነት መልክ አለው። ያንቺው ግን ከላይም ከታችም አንድ ነው። ይህ ሁሉ ቅዳሜ ነው ልጄ። ሰኞ የት ሄደ? ሐሙስ የት ሄደ?»

ዚሪ ጣሳውን ትክ ብላ አየች።

«ደግሞ የእጅሽን ልክ አውቀዋለሁ» አሉ ፒ ዴንጊ። «በዚህ እጅ አሥራ አራት ጊዜ ቢዘገን ይህ ጣሳ አይሞላም። ወይስ እጅሽ በአንድ ወር አደገ?»

ዚሪ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው። ስሙን ስትጠራ እንደሚያማት ነገረቻቸው። ስለ ጣሳው፣ ስለ ፓርቴ፣ ስለ ደብዳቤውም ነገረቻቸው። ፒ ዴንጊ አላቋረጧትም።

በመጨረሻ፣ «ለሰው ይናገራሉ?» አለች።

«እኔ? የምሰበስበው ሩዝ ነው፤ ወሬ የሚሰበስቡ ሌሎች አሉ።» ከጎኗ ተቀመጡ። «ስሚኝ። ቤተ ክርስቲያን ሩዟን አላጣችም። ጣሳውም ሞልቷል። የተጎዳችው እናትሽ ናት። መስኮቱ አጠገብ ሆና ‹አሁን ከልጄ ጋር ነኝ› ትላለች። እርሷ አላወቀችም እንጂ ብቻዋን ናት።»

ይህ ቃል ዚሪን ከሁሉ በላይ ወጋት።

«ብነግራትስ ፒ ዴንጊ? ታማለች። ከሐዘን የተነሣ ቢብስባትስ?»

«አላውቅም» አሉ ፒ ዴንጊ። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። ‹ምንም አትሆንም› ብዬ ባጽናናሽ እኔም እንዳንቺ ጣሳ መሙላቴ ነው።»

ተነሥተው የቅርጫታቸውን ማሰሪያ በግንባራቸው አድርገው በጀርባቸው ተሸከሙትና ሄዱ።

እሑድ ዚሪ ዝማሬ አልዘመረችም። ከበሮው ሲመታ እጇን አላጨበጨበችም። ከአምልኮ በኋላ ወደ ቤት ገብታ ሌላ ወረቀት ፈለገች። ብዙ ጊዜ ጻፈች፤ ብዙ ጊዜ ሰረዘች። ሲጨልም አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ያንን ደብዳቤ መልስልኝ። ይህን ላክልኝ።»

አባቷ አነበበው። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። ከመከር ጀምሮ ስምሽን አልጠራሁም። ስጠራሽ የለሽም፤ እሱ ያመኛል። ቅዳሜ ጣሳውን በሳህን እሞላለሁ። ሰዎች አመሰገኑኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። አንቺ መስኮቱ ጋ ስትጠብቂኝ እኔ አልነበርኩም። ይቅር በይኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።»

አባቷ ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ፣ «አይሆንም» አለ። «እናትሽ ታማለች። በታመመ ሰው ላይ ሸክም አይጫንም። ስትመለስ በአፍሽ ትነግሪያታለሽ።»

«እስክትመለስ ድረስ በየማታው ትጠብቀኛለች አባዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ጸልዪ። በቃ፤ ያስተካክለዋል።»

«ያለፈውስ? ነርሷ ‹ልጅሽ ጨረሰች ወይ?› ትላታለች። እኔ እኮ አልጀመርኩም ነበር።»

አባቷ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እርሱም ፈርቶ ነበር። ልጆች፣ አባቶችም ይፈራሉ። በመጨረሻ ከኪሱ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጥቶ ሰጣት። «እኔ ብሆን አልልከውም» አላት። «ግን ቃሉ ያንቺ ነው። አልቀደውም።»

ሰኞ ጠዋት ዚሪ ራሷ አዲሱን ደብዳቤ ለቱዋማ ሰጠችው። ቱዋማ ፊቷን አየና፣ «ምነው ዓይንሽ አበጠ? እኔ ለጨው ሦስት ቀን እጓዛለሁ፤ ለካ የዕንባ ጨው አንቺ ቤት ሞልቷል!» አላት። ፈገግ አለች። ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ።

ከዚያ የመጠበቅ ጊዜ ሆነ። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ቱዋማ አልተመለሰም። ዚሪ እንደገና እፍኙን ማንሣት ጀምራ ነበር። አንዳንድ ማታ የእናቷን ስም ጠርታ ትጨርሳለች። አንዳንድ ማታ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ናፍቃኛለች፤ ሌላ ቃል የለኝም» ትልና ዝም ትላለች። ፓርቴ ያንንም «አሜን» ትለዋለች። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ትረሳለች። የረሳችውን አትሞላውም። ቅዳሜ ጣሳው ግማሽ ሆነ። ፒ ዴንጊ ምንም ሳይሉ ተቀበሉ።

ሌሎች ግን አዩ። እሑድ ጠዋት በክፍላችን ኪሚ፣ «መምህር፣ የቅድስት ዚሪ ጣሳ ከስቷል! ሐኪም ቤት እንውሰደው?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ኪሚን ልቆጣ ስል ዚሪ ተነሥታ ቆመች።

«መምህር፣ ያኔ ያመሰገኑኝበት ነገር ውሸት ነበር» አለች። «ቅዳሜ ቅዳሜ በሳህን ነበር የምሞላው። በሳምንቱ አልጸለይኩም። ‹እንደ እርሷ ሁኑ› ያሉትን ይተዉት።»

እኔ ምን እንደ መለስኩላት በትክክል አላስታውስም። ፊቴ እንደ ጋለ ግን አስታውሳለሁ። ልጅቱን ሳልጠይቅ ጣሳዋን አይቼ ነበር ያመሰገንኳት። ኪሚም ያን ቀን ሌላ ቀልድ አላወጣችም። ስንወጣ ወደ ዚሪ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «እኛ ቤትም እኮ አንዳንዴ እንረሳለን። ለማንም እንዳትናገሪ!» አለቻት።

አንድ ወር ሊሞላ ሲል ቱዋማ መጣ። መንገዱ ተንዶ ዘግቶት ነበር። ዚሪ ከሩቅ አየችው፤ ሮጣ ግን አልሄደችም። እናቷ ተቆጥታ ይሆን? ወይስ ሌላ ክፉ ነገር ሆኖ ይሆን? ቱዋማ ደብዳቤውን ሰጣት። አባቷ፣ «ላንቺ ነው የተጻፈው፤ አንቺው አንብቢው» አላት።

እንዲህ ይላል፦

«ዚሪዬ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት። አልዋሽሽም፤ አዝኛለሁ። ሁለት ማታ መስኮቱን ሳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ነርሷ ‹ልጅሽ ጨረሰች ወይ?› ስትለኝ ዝም አልኳት። በሦስተኛው ማታ ግን ራሴን ጠየቅሁ። እኔስ ለልጄ እውነቱን ነግሬያታለሁ ወይ? ‹ደህና ነኝ፣ በቅርቡ እመጣለሁ› ብዬሽ ነበር። ደህና አልነበርኩም። ሐኪሙ ገና ብዙ ወራት እንደሚቀረኝ ነግሮኝ ነበር። የሚመጣው ዝናብ ሳያልፍ አልመጣም። እንዳታዝኚ ብዬ ደበቅኩሽ። አንቺም እንዳላዝን ብለሽ ደበቅሽኝ። ሁለታችንም ባዶ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ አድርገን ስንጣራ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ይቅር በይኝ። ከዛሬ ጀምሮ ባልቻልሽ ማታ ‹አልቻልኩም› በዪ። እኔም ባልቻልኩ ማታ እንዲሁ እላለሁ። በዚያች ሰዓት አሁን የምጠብቀው እውነተኛዋን ልጄን ነው።»

ዚሪ አንብባ ስትጨርስ ፓርቴ ልብሷን ጎተተቻት።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

ዚሪ «ነገ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ተንበርክካ እህቷን እቅፍ አደረገቻት።

«ገና ነው ፓርቴ። ሌላ ዝናብ መጥቶ ማለፍ አለበት።»

ፓርቴ በጣም አለቀሰች። እንዴት እንዳለቀሰች! ዚሪም አለቀሰች። አባታቸውም አለቀሰ፤ በዚያ ቀን ጭሱን አልወቀሰም። ሲያበቁ አብረው በሉ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ፓርቴ በየኮቴው ወደ በሩ መሮጧን ተወች። በምትኩ ዝናቡን መጠየቅ ጀመረች። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር፣ «ይሄ ነው ወይ ማለፍ ያለበት?» ትል ነበር።

እናታቸው መጣች ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። መጣች። ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ የመጨረሻውን አቀበት በገዛ እግሯ ወጣች። ነገር ግን ልጆቼ፣ እባካችሁ በተሳሳተ መንገድ አትረዱኝ። ይህ ነገር ያስጨንቀኛል። ዚሪ እውነት ስለ ተናገረች እናቷ ዳነች ብላችሁ አታስቡ። እውነት የተናገሩ ልጆች እናታቸው ሳትመለስ የቀረችባቸውን አውቃለሁ። በዚህ ክፍል ውስጥም አሉ። እውነት ለእግዚአብሔር የምንከፍለው ዋጋ አይደለም። እውነት የተናገረ ልጅ ናፍቆቱን ብቻውን አይሸከምም፤ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ያን ቀን መንደሩ በሙሉ በመንገዱ ዳር ቆሞ ነበር። እኔም ነበርኩ። እናቷ በጣም ከስታ ነበር። ፓርቴ አላወቀቻትምና ከአባቷ ኋላ ተደበቀች። ዚሪ ወደ ፊት ሄዳ እናቷ ፊት ቆመች። እናቷ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሰው ከመንገድ ሲመጣ እንደሚለው፣ «ደህና ነበራችሁ?» አለች።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል።

ዚሪ ግን፣ «አልነበርንም እማዬ» አለች። «በጣም ናፍቀሽን ነበር።»

እናቷ የያዘችውን ዘንግ ለቀቀችው።

«እኔም ደህና አልነበርኩም ልጄ» አለች፣ ወደ ደረቷም ሳበቻት።

ልጆቼ፣ ቅን ሰው ማለት በልቡ ያለውና በአፉ የሚወጣው አንድ የሆነ ሰው ነው፤ ከሚወዱን ሰዎችና ከእግዚአብሔር ጋር በእውነት አብረን የምንሆነው እንዲህ ስንሆን ነው።